ከአንድ ጣቃ ጨርቅ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ከቤታችን ጓሮ ሆኜ ነው። የዶሮ ድምፅ ከሰማችሁ የእማዬ ዶሮዎች ናቸው። የዛሬው ወሬም ከነሱ ይጀምራል።

አምና 60 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ነበሩን። መኖ አለቀና ሌላ ገዛን። ማዳበሪያው ያው ነው፤ ቀለሙም ያው፣ ላዩ ላይ ያለው ሥዕልም ያው። ብዙም ሳይቆይ እንቁላሉ ቀነሰ። ቅርፊቱ ሳሳ፤ ስታነሱት እጃችሁ ላይ ይሰበራል። እማዬ ከመኖው አንድ እፍኝ ዘገነችና ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨመረችው። ፉርሽካው ተንሳፈፈ። ታች ግራጫ ደቃቅ ነገር ዘቀጠ። እኔ ኖራ ድንጋይ መሰለኝ፤ ጣይ ዶሮ ለቅርፊቱ ኖራ ያስፈልጋታላ። እሷ ውኃውን ደፋችና ሎሚ ጨመቀችበት። ኖራ ቢሆን አረፋ ያወጣል። ዝም አለ።

"አሸዋ ነው፣ ልጄ" አለችኝ።

ቆይቼ ነው የገባኝ። ባዶ ማዳበሪያ ገበያ ላይ ይሸጣል። የሚገዛው ሰው የፈለገውን ይሞላበታል፣ አፉን ይሰፋዋል፣ አለቀ። እስቲ "ማዳበሪያ" የሚለውን ቃል አስቡት። የአፈር ማዳበሪያ ይዞ መጣ፣ ማዳበሪያው እርሻ ላይ ተበተነ፣ ስሙ ግን ከረጢቱ ላይ ቀረ። ዛሬ እህልም፣ ከሰልም፣ ፉርሽካም በ"ማዳበሪያ" ነው የምንገዛው።

በዚያ ሰሞን ነው ፑሪና የሚባለውን የእንስሳት መኖ ኩባንያ ታሪክ ያነበብኩት። በፈረንጆቹ 1894 አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ውስጥ ዊልያም ዳንፎርዝ የሚባል ወጣት ከሸሪኮቹ ጋር የፈረስና የበቅሎ መኖ መሸጥ ጀመረ። ያኔ ጋሪ የሚጎትተው ፈረስና በቅሎ ነው። በቆሎ ብቻ ሲበሉ ሆዳቸውን ያማቸዋል፤ አጃ ደግሞ ውድ ነው። እነዳንፎርዝ ሁለቱን በአካፋ ደባልቀው በጆንያ ሸጡ። በ1896 ከባድ አውሎ ነፋስ ከተማዋን መታና ወፍጮውን አፈረሰው። ዳንፎርዝ ተበድሮ እንደገና ሠራው።

እኔን የያዘኝ ግን ምልክቱ ነው። ቀይና ነጭ፣ እንደ ዳማ ሰሌዳ። ዳንፎርዝ ልጅ ሳለ አባቱ ሱቅ ነበራቸው። እዚያ አገር አንዲት እናት ከአንድ ጣቃ ባለ ዳማ ጨርቅ ለልጆቿ ሁሉ ልብስ ትሰፋላቸው ነበር። ሕዝብ መሀል ቢገቡም ከሩቅ ይለያሉ። ሰውዬው ይህን አልረሳም። ካደገ በኋላ ያንን ዳማ ጆንያው ላይ አደረገው።

ይህን ሳነብ ጥምቀት ትዝ አለኝ። እማዬም እኔንና ሁለቱን እህቶቼን ከአንድ ጣቃ ነበር የምታለብሰን። ያን ሁሉ ሕዝብ ታውቁታላችሁ። ብንጠፋ በጨርቁ ታገኘናለች። የኛ ማዳበሪያ ላይ የሆነውም ይሄው ነው፦ ልብሱ ያው፣ ልጁ ግን የሰው።

ነገሩ በዶሮ ብቻ አያበቃም። ፋጉሎ፣ ማለትም የቅባት እህል ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው የከብት መኖ፣ እርጥበት ባለበት ቦታ ሲከማች ይሻግታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። ላሟ ትበላዋለች፣ ወደ ወተቷ ያልፋል። ብታፈሉትም አይጠፋም። ያን ወተት ሕፃን ልጅ ይጠጣዋል። ስለዚህ ከረጢት ላይ የሚጻፍ ስምና ቀን ለኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ፑሪና ከዚያ በኋላ ብዙ አደገ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዳንፎርዝ ወታደሮች ምግባቸውን በእንግሊዝኛ የአራዳ ቋንቋ "ቻው" (chow) ሲሉ ሰማ፤ ተመልሶ የእንስሳቱንም መኖ "ቻው" አለው። በ1986 ኩባንያው የእርሻ እንስሳት መኖውን ክፍል ሸጠ። በ2001 የውሻና የድመት ምግቡን ኔስሌ ገዛው፤ የእርሻውን መኖ ደግሞ ላንድ ኦሌክስ የሚባል የገበሬዎች ኅብረት ሥራ። ባለቤቱ ሁለት ሆነ። ዳማው ግን ሁለቱም ጋ አለ።

ባለፈው ሳምንት ከእማዬ ጋር ዓባይ ማዶ መኖ ልንገዛ ሄድን። አንድ ልጅ እዚያው እያስፈጨ፣ እዚያው እየደባለቀ ይሸጣል። ማዳበሪያው ነጭ ነው፣ ምንም የለበትም።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ መቼ የተደባለቀ ነው?" አለችው።

"ትናንት ነው፣ እማማ።"

"እሱን ጻፍልኝ።"

ልጁ ትንሽ አሰበ። ከኪሱ ማርከር አወጣና ቀኑን ጻፈ። ከሥሩ ስልኩን ጨመረ። ሳንጠይቀው ስሙንም ጻፈበት።

ቤት ስንደርስ እማዬ ብርጭቆዋን አወጣች። ከታች የዘቀጠ ነበር። ሎሚውን ጨመቀች። አረፋው እስከ ብርጭቆው አፍ ድረስ ወጣ።