ጋሼ ለምን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ?

(ምስል፦ የሆስፒታል አልጋ። ግርጌው ላይ የተንጠለጠለ ቻርት።)

ይህን ቻርት እዩት። ሙቀት አለ። የደም ግፊት አለ። የልብ ምት አለ። የሽንት መጠን ሳይቀር ተለክቶ ተጽፏል። በሽተኛው ሆድ ቢብሰው ግን የሚጻፍበት ቦታ የለም።

አጎቴን ጋሼ ነው የምንላቸው። ልባቸውን ታመው ሲተኙ አስታማሚያቸው እኔ ነበርኩ። በአራተኛው ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከቤት የመጣላቸውን አጥሚት ሁለት ጊዜ ፉት ብለው ይመልሱታል። ጠያቂ ሲመጣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኛም "ደክሟቸው ነው፣ ይረፉ" እያልን በሩን ቀስ ብለን እንዘጋለን። ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

(ምስል፦ የዓለም ካርታ። ሞንትሪያል፣ ካናዳ።)

ይህንን "ሌላ ነገር" በቁጥር ካሳዩት ሰዎች አንዷ የሞንትሪያሏ ተመራማሪ ናንሲ ፍራሹር ስሚዝ ናት። ጥናቱ የታተመው በ1993 ነው፤ እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። እሷና ባልደረቦቿ ሃርት አታክ ደርሶባቸው ሆስፒታል የገቡ 222 ሰዎችን አነጋገሩ። ሕመሙ ከደረሰባቸው ከ5 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማለት ነው። ከነሱ 35ቱ ከባድ ድባቴ (ዲፕረሽን) ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ስድስት ወር ተከታተሏቸው። 12 ሰዎች ሞቱ፤ ሁሉም በልብ ምክንያት። ድባቴ የነበረባቸው ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ የበለጠ ሆኖ ተገኘ።

ቆይ፣ ትላላችሁ። ልቡ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ቢከፋው ምን ይገርማል? ምናልባት የገደለው የልቡ ጉዳት ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ተመራማሪዎቹም ጠይቀውታል። የልብን ጉዳትና ከዚህ በፊት የደረሰ ሃርት አታክን ስሌት ውስጥ አስገቡ። ልዩነቱ አልጠፋም። እርግጥ 12 ሞት ትንሽ ቁጥር ነው። ድባቴው ራሱ ገደለ ለማለትም አያበቃም።

መንገዱ ግን ለመገመት አይከብድም። የከፋው ሰው ክኒኑን ይዘላል። ተነስተህ ተራመድ ሲሉት አይነሳም። ከዚህ ሌላ በድባቴ ጊዜ ደምን የሚያረጉት ሴሎች ቶሎ የመጣበቅ ጠባይ እንደሚያሳዩ ታይቷል። የልብን ምት የሚቆጣጠረው ነርቭም ይዛባል።

(ምስል፦ የመጠይቅ ወረቀት።)

አሁን ከባዱ ነገር። ሆስፒታል የተኛ ሰው ድባቴ እንዳለበት በምን ይታወቃል? ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ አለመፈለግ የድባቴ ምልክቶች ናቸው። ግን የልብ ሕመምም፣ የቀዶ ሕክምናም፣ የመድኃኒትም ናቸው። ለዚህ ነው በ1983 እንግሊዝ ውስጥ ለሆስፒታል ሕሙማን ተብሎ 14 ጥያቄ ያለው መጠይቅ የተዘጋጀው። ሰባቱ ለጭንቀት፣ ሰባቱ ለድባቴ። አዘጋጆቹ የሰውነት ምልክቶችን ሆን ብለው አስቀሩ። በምትኩ ደስታን ይጠይቃል። ሳቅን ይጠይቃል። እኔ ይህን ሳነብ የጋሼ አጥሚት ትዝ አለኝ። እኛ ስንቆጥር የነበረው ስንት ጊዜ ፉት እንዳሉ ነው።

እኛም አገር ተሞክሯል። በአንድ ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ሌላ መጠይቅ ወደ አማርኛ ተመልሶ 926 ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈተሸ። ውጤቱ በ2013 ታተመ። ከ27 ነጥብ 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው "ይታይ" ቢባል፣ ድባቴ ካለባቸው 100 ሰዎች 86ቱን ይይዛል። ከሌለባቸው 100 ሰዎች ግን 33ቱን በስህተት ይጨምራል። ስለዚህ ወረቀቱ ብቻውን ምርመራ አይደለም። ቁጭ ብሎ የሚያዋራ ባለሙያ ይፈልጋል። ደግሞ የኛ ሰው "ድባቴ አለብኝ" አይልም። "ሐሳብ በዛብኝ" ይላል። "ራሴን ያቃጥለኛል" ይላል። ይህን መስማት የሚችል ጆሮ ያስፈልጋል።

(ምስል፦ ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት።)

እሺ፣ ድባቴውን ብናክምስ? አሜሪካ ውስጥ 2,481 የሃርት አታክ ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ድባቴ ያለባቸው ወይም አይዞህ ባይ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ የንግግር ሕክምና አገኙ። በ2003 ውጤቱ ወጣ። ስሜታቸው ተሻሻለ። ሞትና ዳግመኛ ሃርት አታክ ግን አልቀነሰም።

ብዙዎች ይህን "ከሸፈ" ብለው አነበቡት። እኔ አልስማማም። ጥርሱን ያመመው ሰው ዕድሜህን አያረዝምም ተብሎ ማስታገሻ አይከለከልም። መከፋትም ሕመም ነው፤ መቅለሉ በራሱ ውጤት ነው። በ2002 ደግሞ ድባቴ ባለባቸው 369 የልብ ሕሙማን ላይ ሰርትራሊን የተባለው የድባቴ ክኒን ተሞክሮ ልባቸውን እንደጎዳ የሚያሳይ ነገር አልተገኘም። ይህ ትልቅ ዜና ነበር። የድሮዎቹ የድባቴ መድኃኒቶች ለልብ ሕመምተኛ ያሰጉ ነበርና።

(ምስል፦ እንደገና አልጋው።)

አስታማሚ ከሆናችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። "ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሆድ ብሶዎት ያውቃል?" "ድሮ ደስ ይልዎት የነበረው ነገር አላስደስት ብሎዎታል?" መልሱ አዎ ከሆነ ለዋርዱ ሐኪም ንገሩ። መሞት እፈልጋለሁ ካሉ ያኔውኑ ተናገሩ፤ ብቻቸውንም አትተዉአቸው።

ጋሼን የጠየቀቻቸው አንዲት ሐኪም ናት፤ ከወጡ በኋላ ለቀጠሮ ሲመለሱ። ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋቻቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ፣ "እንቅልፍ ይዞኝ ሲሄድ ልቤ የምትቆም ይመስለኛል፤ እሷን ስጠብቅ ይነጋል" አሏት። ለካ ያን ሁሉ ቀን ተኝተዋል ብለን በሩን ስንዘጋ አልተኙም ነበር።