አሉቶ፦ ሙቀት ብቻውን የማይበቃበት ተራራ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። የዛሬው ወጋችን በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ስላለው የአሉቶ እሳተ ገሞራ ነው። የከርሰ ምድር እንፋሎት ሲነሣ ሁላችንም ስለ ሙቀቱ ማውራት ይቀናናል፤ እኔ ግን ስለ ድንጋዩ ላውራ፤ ምክንያቱም በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሙቀት ብርቅ አይደለም፤ ብርቁ ውሃ የሚያሳልፍ ድንጋይ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 በአሉቶ ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ከግርጌው የተቆፈሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለኃይል ማመንጫ የሚበቃ ሙቀት ሳያሳዩ ሲቀሩ፣ ከላይ በአርቱ ጃዌ የስንጥቅ ቀጠና አጠገብ የተቆፈሩት ግን 2,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አሳይተዋል። ባዛልቱም ሆነ ትኩስ የእሳተ ገሞራ አመድ ተጣብቆ የፈጠረው ኢግኒምብራይት በባሕርያቸው ጥቅጥቅ ያሉ ስለሆኑ፣ በምሥራቁ ደጋ የዘነበው ውሃ ሰርጎ ሙቀቱ ዘንድ የሚደርሰውም፣ ሞቆ ወደ ላይ የሚመለሰውም በአመዛኙ የሸለቆው መለጠጥ በከፈተው ስንጥቅ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ውሃው የሄደበትን መንገድ መልሶ መዝጋቱ ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ የድንጋይ ፍርፋሪ በማጉያ መነጽር ሲታይ፣ በስንጥቁ ግድግዳ ላይ ያደጉ ቢጫ ያዘሉ አረንጓዴ የኤፒዶት ክሪስታሎች ይገኙበታል። ኤፒዶት በአብዛኛው ከ240 ዲግሪ በላይ የሚፈጠር ማዕድን በመሆኑ፣ ባለሙያው እሱን አይቶ ድንጋዩ ምን ያህል ሞቆ እንደነበር ይገምታል። «እንደነበር» ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ ቦታው ከዚያ ወዲህ ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላልና። ወደ ላይ፣ ሙቀቱ መለስ ባለበት፣ ያው ውሃ ድንጋዩን ወደ ሸክላ አፈር ይለውጠዋል፤ ይህም ንብርብር እንደ አክንባሎ ተደፍቶ ሙቀቱን ያፍናል። ይህ ለእኛ በጎ ነው። ውሃው ሲፈላ ግን የሟሟበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያመልጥ ካልሳይት የተባለው የኖራ ማዕድን እየተጋገረ ስንጥቁን ይደፍነዋል፤ የተደፈነውን መልሶ የሚከፍተው ደግሞ ብዙ ጊዜ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 የተተከለው የ7.3 ሜጋ ዋት የሙከራ ጣቢያ እየቆመና እየተነሣ ሠርቷል፤ በእርግጥ ለዚያ ሁሉ ድንጋዩን ብቻ መውቀስ አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 የተቆፈሩት ሁለቱ ጉድጓዶች ግን ዘንበል ብለው እንዲወርዱ መደረጉ ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል፤ ስንጥቆቹ ሽቅብ የቆሙ ስለሆኑ ቀጥ ብሎ የወረደ ጉድጓድ በጎናቸው ሊያልፍ ሲችል፣ ያዘነበለው ግን አቋርጧቸው የማለፍ ዕድሉ ይሰፋል።