ብላክጃክ ውድድር ላይ ሰዓቱን ማን ይዞታል?

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ብላክጃክ ስለሚባለው የካርታ ጨዋታ ውድድር እናወራለን። ስለ ካርታው ሳይሆን ስለ ሰዓቱ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። በተለመደው ብላክጃክ የምትጫወቱት ከቤቱ፣ ማለትም ከካዚኖው ጋር ነው። በካርታችሁ ድምር 21ን ሳታልፉ ዲለሩን፣ ካርታ የሚያድለውን የቤቱን ሰው መብለጥ፣ በቃ። ሲደክማችሁ ተነስታችሁ ትሄዳላችሁ፣ የሚያስቸኩላችሁ የለም። ውድድር ላይ ግን ሁሉም እኩል ቺፕ (በገንዘብ ፋንታ የሚያስይዙት ክብ ምልክት) ይዞ ይቀመጣል፣ ዙሩ ማለቂያ አለው፣ ሲያልቅ ብዙ ቺፕ የያዘው ያልፋል። ተጋጣሚያችሁ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ነው ማለት ነው። ቤቱ ሁላችሁንም ሲበላ ቢያመሽ እንኳ፣ ከጎናችሁ ካለው ሰው በ25 ቺፕ ከበለጣችሁ አለፋችሁ።

ዙሩ የሚያልቀው ወይ በእጅ ቁጥር ነው ወይ በደቂቃ። እጅ የምለው ካርታው ታድሎ ሒሳቡ እስኪዘጋ ያለውን አንዱን ጨዋታ ነው።

በእጅ ቁጥር የሚሄደውን ለማየት ጥሩ ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ላይ የቀረበው አልቲሜት ብላክጃክ ቱር። አንድ ዙር 30 እጅ ነበር። በ8ኛው፣ በ16ኛውና በ25ኛው እጅ ላይ ትንሽ ቺፕ የያዘው ሰው ይሰናበታል። እንዲህ ሲሆን ሰዓት የሚባለው ነገር መልኩ ይቀየራል። 5ኛው እጅ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ይቻላል፣ 7ኛው ላይ ግን የሁሉንም ቺፕ ካላወቃችሁ ዘግይታችኋል። ሌላም ነገር ነበረው። እያንዳንዱ ተጫዋች በዙሩ አንዴ ብቻ መደቡን ጽፎ በድብቅ ማስያዝ ይችላል። እሷን ዕድል 3ኛው እጅ ላይ ማቃጠል ያሳዝናል፤ ቦታዋ ሰው በሚሰናበትበት እጅ ላይ፣ በተለይ ቀድማችሁ መደብ የምታስይዙት እናንተ ስትሆኑ ነው።

አሁን አንዷን እጅ ቀረብ ብለን እንያት።

(ስክሪን ላይ፦ እሷ 1,000፣ እኔ 900)

የመጨረሻው እጅ ነው፣ የቀረነው ሁለት ነን፣ እኔና አንዲት ተጫዋች። ትንሹ መደብ 25፣ ትልቁ 500። እጅ ሰጥቶ ግማሽ መደብን ማዳን አይፈቀድም። እሷ ቀድማ 200 አስያዘች። እኔ ስንት ላስይዝ?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደሙ ይሞቅና ያለውን ይገፋል። ቆይ! 75 ባስይዝስ? እሷ ከተበላች ቢበዛ 800 ይቀራታል። እኔ ብሸነፍ እንኳ 825 ይዤ እነሳለሁ። ስለዚህ እሷ በተበላች ቁጥር፣ መደቤን እጥፍ እስካላደረግሁ ድረስ፣ የእኔ ካርታ ምንም ይሁን ምን አልፋለሁ። ከፍ አድርጌ 425 ባስይዝ ደግሞ፣ እሷ ብላክጃክ (በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች 21፣ የመደቡን አንድ ተኩል የሚያስከፍለው) ቢወጣላት እንኳ 1,300 ነው የሚደርሳት፣ እኔ ካሸነፍኩ 1,325። ግን ማሸነፍ አለብኝ። ብላክጃክ ላይ ደግሞ ተጫዋች ከ100 እጅ 42 ገደማ ነው የሚያሸንፈው፣ 49 ገደማ ይሸነፋል፣ የቀረው አቻ ነው። እኔ 75ቱን እመርጣለሁ።

ይሄንን ሁሉ ለማሰብ ስንት ጊዜ አለኝ? ጥቂት ሴኮንድ። ሰው ሁሉ ያያችኋል፣ ዲለሩ ይጠብቃል፣ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል። እዚያ ሰዓት ላይ ሒሳብ ልጀምር ያለ ሰው አልቆለታል። ሒሳቡ መሠራት ያለበት አስቀድሞ ነው፣ ሌሎቹ ካርታ ሲጠይቁ፣ ዲለሩ ሲከፍልና ሲሰበስብ። አንድ እጅ ውስጥ የእናንተ ተራ በጣም አጭር ነው፤ የቀረው የሌሎች ተራ ነው፣ ያ ሁሉ ጊዜ ደግሞ በነፃ የተሰጣችሁ ነው። ስልክ አትነካኩበት። የጎረቤታችሁን ቺፕ ቁጠሩበት። የራሳችሁንም በቀለም ለይታችሁ እኩል እኩል ደርድሩት፣ በዓይን ብቻ እንዲቆጠር።

ቀድሞ የሚያስይዘው ማን እንደሚሆንም ገና ስትቀመጡ ማስላት ትችላላችሁ። ተራው በየእጁ አንድ ወንበር ይሄዳል። 6 ሰው፣ 20 እጅ እንበል። 1ኛውን እጅ የጀመረው ወንበር 7ኛውን፣ 13ኛውንና 19ኛውን ይጀምራል። ስለዚህ 20ኛውን የሚጀምረው ቀጣዩ ወንበር ነው፣ የመጀመሪያው ወንበር ደግሞ መጨረሻ ያስይዛል። ከላይ ባየነው እጅ እኔ የእሷን 200 አይቼ ነው 75 ያልኩት፤ ይቺ ወንበር ትልቅ ነገር ናት። መሀል ላይ ሰው ከወጣ እንደገና ቁጠሩ።

በደቂቃ የሚያልቀው ዙር ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ስንት እጅ እንደሚቀር በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። የሚመራው ሰው ጥቂት እጅ ቢቀር ደስ ይለዋል፣ የሚከተለው ብዙ እጅ ይፈልጋል። ወደ ኋላ ከቀራችሁ ዲለሩ ሰብስቦ ሳይጨርስ መደባችሁ በእጃችሁ ይዘጋጅ፣ ካርታ የምትጠይቁበት የእጅ ምልክታችሁም ፈጣንና ግልጽ ይሁን። የምትመሩ ከሆነ ደግሞ የሚያጣድፋችሁ የለም፣ የተፈቀደላችሁን ሴኮንድ ተጠቀሙባት። ግን የተቆጠረ ቺፕ እንደገና እየቆጠሩ፣ 20 ይዞ እያሰቡ መስሎ ሰዓት መግደል ሌላ ነገር ነው። እኔ ይሄንን አልወደውም። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሰዎች መግቢያ ከፍለው ነው የተቀመጡት፣ የእነሱን ሰዓት መብላት ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ካጋጠማችሁ አትጨቃጨቁ፤ ካርታ በማይታደልበት ሰዓት እጃችሁን አንስታችሁ ተቆጣጣሪውን ጥሩና በእርጋታ ንገሩት። ቶሎ ንገሩት እንጂ፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ብትናገሩ የባከነውን እጅ ማንም አይመልስላችሁም።