መለኪያው ያለቀበት ምሽት

[ምስል፦ ቤጂንግ ሲመሽ። የመንገድ መብራቶች ቡናማ ጭጋግ ውስጥ ሰጥመዋል።]

ቀኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጥር 12 ቀን 2013 ነው። ቤጂንግ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ጣሪያ ላይ የተተከለች አንዲት መሣሪያ በየሰዓቱ የአየሩን ብክለት ትለካለች። የመለኪያው የመጨረሻ እርከን 500 ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መሣሪያዋ 755 አሳየች።

የቻይና ባለሥልጣናት ይህን ነገር ለዓመታት «ጉም» ሲሉት ኖረዋል። ጉምማ ፀሐይ ሲወጣ ይገፈፋል! ይህኛው ውፍረቱ የፀጉር አንድ ሠላሳኛ ገደማ የሆነ፣ ከሳንባ አልፎ ደም ውስጥ የሚገባ የጭስ ቅንጣት ነው።

[ምስል፦ ከሰል የጫነ ረጅም ባቡር።]

ቻይና ከ1978 ጀምሮ በሯን ለገበያ ስትከፍት፣ ኢኮኖሚዋ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት በየዓመቱ በአማካይ 10 በመቶ ገደማ አደገ። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ከድህነት ወጣ፤ ይህን የሚያቃልል ሰው ርሃብን አያውቀውም። ድስቱ የተጣደው ግን በድንጋይ ከሰል ላይ ነበር። በ2000 ዓመቱን ሙሉ 1.4 ቢሊዮን ቶን ገደማ ያነደደች አገር በ2013 ከ4 ቢሊዮን ቶን በላይ አነደደች።

በ2014 ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ኬቺያንግ በብክለት ላይ ጦርነት አወጁ። የምራቸውን ነበር። የቤጂንግ የከሰል ማሞቂያዎች በጋዝ ተተኩ። ትልቁ የሾውጋንግ ብረት ፋብሪካማ ቀደም ብሎ ወደ ጎረቤት ክፍለ ሀገር፣ ወደ ሄቤይ የባሕር ዳርቻ ተዛውሯል፤ ጭሱም አድራሻ ቀየረ።

[ምስል፦ የገጠር ትምህርት ቤት ግቢ።]

በ2017 ብርዱ ሲገባ በሄቤይ መንደሮች ከሰል ማንደድ ተከለከለ። አዲሱ ማሞቂያ ግን ለሁሉም በጊዜው አልደረሰም። ቹያንግ በተባለ ወረዳ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ክፍላቸው እንደ በረዶ ቢቀዘቅዝባቸው ግቢ ወጥተው፣ ፀሐይ እየሞቁ ተማሩ። የዋና ከተማዋ አየር ሲጠራ ብርዱን የቻሉት እነሱ ናቸው።

አየሩ በእርግጥ ጠርቷል። በቤጂንግ የዚያ ቅንጣት ዓመታዊ አማካይ በ2021 ከ2013ቱ ግማሽ በታች ወረደ። ቻይና ዛሬ ከማንም በላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ታመርታለች፤ ከዓለም የድንጋይ ከሰል ከግማሽ በላይ የሚነደውም እዚያው ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ያቺ የጣሪያ መሣሪያም የተተከለችው እሱን ልትለካ አልነበረም።