ቁስሉ ደርቋል፤ እጁስ?

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለዕድር አባላትና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የዕድር ዳኞች፣ እናቶችና አባቶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ።

በክረምት ጮቄ ተራራ ሥር ያለ ቤት ያለ እሳት አይመሽበትም። ልጆች ምድጃ ከበው ይቀመጣሉ፤ ትንሹ እየዳኸ ፍሙ ላይ ይደርሳል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ እሳት ዳር ሳለ ይጥለዋል፤ አጠገቡ ያለውም «ይጋባል» ብሎ ሳይነካው ይቆማል። አይጋባም! ጎትታችሁ አውጡት። ከዚያ የተቃጠለውን ቦታ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ጭቃ አይነካው።

እኔን ዛሬ ያመጣኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ3 ሳምንት ውስጥ ያልደረቀ ጥልቅ ቃጠሎ ሲዘጋ ዳር ዳሩን ወደ መሐል እየጎተተ ነው። ልጁም ሲያመው እጁን ያጥፋል፣ አገጩን ወደ ደረቱ ያቀረቅራል፤ ፋታ የሚያገኘው እንዲያ ሲሆን ነውና። ጠባሳው በዚያው ይጠነክራል። ጣቶቹ ከመዳፉ ይጣበቃሉ። ቤተሰቡ «ቁስሉ ደረቀለት፣ ተመስገን» ይላል። ትምህርት ቤት ሲገባ እርሳስ የሚይዝበት እጅ የለውም፤ ወደ እኛ ወደ ቀዶ ሐኪሞች የሚመጣው ያኔ ነው፣ መገጣጠሚያው ከተጣመመ በኋላ።

ያም ሆኖ አልመሸም። ጠባሳውን ከፍተን እጁን እንዘረጋለን፤ ክፍት የቀረውን ቦታ ከጭኑ ስስ ቆዳ አንስተን እንሸፍናለን። ጭኑ በ2 ሳምንት ገደማ ይሽራል። እናቶች «ከእኔ ቁረጡለት» ይሉናል። አንጀት ይበላል፤ ግን ሰውነት የሌላ ሰው ቆዳ አያቆይም፣ የእናትም ቢሆን። የተተከለው ቆዳ እንደ ቡሬ በርበሬ ችግኝ ነው፤ መጀመሪያ ቁስሉ ከሚያወጣው ፈሳሽ ይጠጣል፣ ከቀናት በኋላ ከደም ሥር ጋር ይገጥማል። እስከዚያ ከተነቃነቀ ወይም ሥሩ ደምና መግል ከቋጠረ ይሞታል። ስለዚህ ፋሻውን «እስቲ እንየው» ብላችሁ አትፍቱ።

ቤተሰብ የሚሰለቸው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ነው። የተተከለ ቆዳ ይኮማተራል፤ ለወራት እጁን ዘርግቶ የሚይዝ መደገፊያ ማሰር፣ በየቀኑም ማፍታታት ያስፈልጋል። በእኔ እምነት የቀዶ ሕክምናው ዕጣ የሚወሰነው እዚህ፣ እናንተ ቤት ነው።

ጠባሳው ይጠፋል ብዬ አልዋሻችሁም። እጁ ይዘረጋል እንጂ ምልክቱ ይቀራል። ከጠባሳው ዳር አልፎ የሚያድገውን ኬሎይድ «ቆርጣችሁ ጣሉልኝ» የሚሉም አሉ፤ መቁረጥ ብቻውን ብሶ እንዲመለስ ሊያደርገው ስለሚችል ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ጠባሳው ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ነው። በዱሮ የቃጠሎ ጠባሳ ላይ የወጣ፣ አልድን ያለ ቁስል ግን ካንሰር ሊሆን ይችላልና በቅጠል አታቆዩት።

አሁን ወደ ዕድሮቻችን ልምጣ። ለቀብር ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን። አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ያለው የቃጠሎ ሕክምና ክፍል ከዚህ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ባሕር ዳርም ቢሆን ቅርብ አይደለም። የመኪና ዋጋ አጥቶ የሚቀር ቤተሰብ ስንት ነው? ለተቃጠለ ልጅ ማሳከሚያ የሚሆን መዋጮ በመተዳደሪያ ደንባችሁ እንድትጨምሩ እጠይቃለሁ። ዳኞቹ ከሻይ በኋላ በዚህ ላይ ያወያዩናል፤ ከዚያ በፊት ፊዚዮቴራፒስታችን መደገፊያው እንዴት እንደሚታሰር ያሳዩአችኋል። ቤቱ የታጠፈ እጅ ያለው ልጅ ያለ ሰው ወደ ፊት ጠጋ ይበል።

አመሰግናለሁ።