ስለዚያ የጾም ዜና፦ ለጤና ጋዜጠኞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የጤና ዘጋቢዎች፣ አዘጋጆች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

የመርሐ ግብሩ ወረቀት ላይ ስለ አመጋገብና ስለ ስፖርት ዜና አዘጋገብ በአጠቃላይ እንደምናገር ተጽፏል። በአጠቃላይ መናገር ግን አልፈልግም። ከብዙዎቻችሁ ጋር ለዓመታት እንተዋወቃለን። በኮቪድ ጊዜ በእኩለ ሌሊት እየደወላችሁ ቁጥር ስታረጋግጡ ነበር። አንዲት አኃዝ እንዳትዛነፍ ስትጨነቁ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ስትፈልጉ እንዴት እንደምትሠሩ አውቃለሁ። ዛሬ የመጣሁት ስለ አንድ ዜና ልነግራችሁ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 2 ቀን ዐቢይ ጾም ገባ። ረመዳንም የገባው በዚያው ቀን ነበር። አገሩ ሁሉ ጾም ላይ ነው። በሳምንቱ፣ መጋቢት 9፣ የአሜሪካ የልብ ማኅበር መግለጫ አወጣ። ቺካጎ ላይ ባዘጋጀው ጉባኤ ስለሚቀርብ ጥናት የሚናገር ነው። የቀን ምግባቸውን 8 ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ በልተው የሚጨርሱ ሰዎች፣ በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው 91 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ ይላል። የተነጻጸሩት ምግባቸውን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከሚበሉት ጋር ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ጾም ልብን ይገድላል የሚል ዜና ሆነ። በሬዲዮ ተነበበ። በቴሌግራም ከቤት ቤት ዞረ።

እስቲ ጥናቱን አብረን እንየው። ተመራማሪዎቹ ማንንም አላስጾሙም። የወሰዱት የአሜሪካ መንግሥት ከሚያደርገው የጤናና የአመጋገብ ዳሰሳ ከ20 ሺህ በላይ ጎልማሶችን መረጃ ነው። ሰዎቹ ትናንት ምን በላችሁ፣ መቼ በላችሁ ተብለው ተጠየቁ። የተጠየቁት ስለ ሁለት ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ማን በሕይወት እንዳለ፣ ማን በምን እንደሞተ ለዓመታት ታየ። በሁለት ቀን መልስ የዓመታት አመጋገብ ተገመተ ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል 8 ሰዓት በማይሞላ ጊዜ የበሉት 414 ሰዎች ናቸው። ለምን እንዲያ እንደበሉ አይታወቅም። ታሞ ምግብ የዘጋው ሰው፣ ሁለት ሥራ እየሮጠ ምሳ የሚያልፈው፣ የሚበላው ያጣ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። በማንኛውም ምክንያት የመሞት አጠቃላይ ዕድላቸው ላይ ደግሞ ልዩነት አልተገኘም።

በዚያ ላይ ሙሉ ጥናቱ ያኔ አልታተመም ነበር። የነበረው የጉባኤ አጭር ጽሑፍ ነው። ሌሎች ባለሙያዎች ገምግመው አላሳለፉትም። እስከ ታች ወርዶ ላነበበ፣ መግለጫው ራሱ ይህንን ተናግሯል።

በዚያ ሰሞን አንዲት እናት ክሊኒክ መጡ። ዕድሜያቸው ወደ 70 ይጠጋል። ደም ግፊት አለባቸው፤ ለዓመታት የምከታተላቸው ታካሚዬ ናቸው። ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋግረን መላ ካበጀን ቆይተናል። ኪኒናቸውን ጠዋት በውኃ ይወስዳሉ፣ በ9 ሰዓት ይፈታሉ። እንዲያውም ከዓመቱ ሁሉ ግፊታቸው ደህና የሚሆነው በዐቢይ ጾም ነበር። ያን ቀን ለካሁት። 170 በ100። ትንሽ አሳርፌ ደገምኩ። ያው ነው።

"እማማ፣ ኪኒኑን አቋረጡ እንዴ?" አልኳቸው።

"ኧረ አልተውኩም፣ ልጄ።"

ዝም አሉ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው ሰጡኝ። ዋሽንግተን ያለው ልጃቸው የሬዲዮ ዜና ቀድቶ ልኮላቸዋል። ከሥሩ የራሱ ድምፅ አለ። እማዬ፣ በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ፣ ጠዋት ብዪ ይላል። ልጁ ምን ያድርግ? እናቱን ስለሚወድ ነው።

እሳቸውም ጠዋት መብላት ጀመሩ። በልቶ ቅዳሴ መቆም ደግሞ አልሆነላቸውም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ቀሩ። ደብራቸው ዳገት ላይ ነው። በጾም በጾም ያንን ዳገት በእግራቸው ይወጡ ነበር። ሌላ ስፖርት አያውቁም፤ ስፖርታቸው እሱ ነው። እሱም ቀረ። ጎረቤት ለምን ቀሩ ብሎ እንዳይጠይቃቸው ከግቢ መውጣት ተዉ። የጽዋ ማኅበራቸውን ሸሹ። ሌሊት እንቅልፍ የለም። ልባቸውን ለማዳን ሲሉ ልባቸውን የሚጠብቅላቸውን ነገር ሁሉ ጣሉ።

"እስከ ዛሬ ስጾም ልቤን ስጎዳ ነበር ማለት ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

ምን ልመልስላቸው? ሳይንስ እንዲህ አላለም፣ እማማ። ያለው ዜና አንባቢው ነው!

ያንን ቅጂ እዚያው ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ከ2 ደቂቃ አይበልጥም። ስለ 414ቱ ሰዎች አንዲት ቃል የለችም። ስለ ሁለቱ ቀን መጠይቅ የለም። ጥናቱ አለመታተሙ አልተነገረም። 91 በመቶ የሚለው ግን ሦስት ጊዜ ተጠርቷል። ከዚያ በኋላ ከሚጾመው ሰው 91 በመቶው ይሞታል ማለት የመሰላቸው ታካሚዎች ገጥመውኛል። ከ100 ሰው 2 የሚሞት ከነበረ፣ 91 በመቶ ሲጨመርበት 4 እንኳ አይሞላም። የ2 ደቂቃ ዜና ለዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ቦታ ያጣል?

እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ቋሊማና መሰል ሥጋ የወጣውም እንዲሁ ነው የሆነው። በየቀኑ 50 ግራም መብላት የአንጀት ካንሰርን ዕድል 18 በመቶ ይጨምራል ተባለ። ከ100 ሰው 5 ገደማ የሚታመም ከነበረ 6 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ዜናው ግን ከሲጋራ እኩል አደረገው።

ጾም ለሁሉም ሰው ደህና ነው እያልኩ አይደለም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ቢጾም ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ይህንን ዘግቡልን፤ ሕይወት ያድናል።

ጾምን የሚያወድሰው ዜናም ከዚህ አይሻልም። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ኖቤል ተሸለመ። ሴል ያረጀ ክፍሉን አፍርሶ እንዴት መልሶ እንደሚጠቀምበት ስላሳየ ነው። ያሳየውም በዳቦ እርሾ ላይ ነው። እኛ ጋ ጾም በገባ ቁጥር ግን ጾም ካንሰርን እንደሚያድን ያረጋገጠ ሽልማት ሆኖ ይቀርባል። እኔ ጿሚ ነኝ። ሃይማኖቴ የሐሰት ምስክር አያስፈልገውም!

ጥፋቱ የእናንተ ብቻ ነው ብል ግን ግፍ ይሆናል። የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ20 የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች የወጡ 462 መግለጫዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትመዋል። ከ10 መግለጫ 4ቱ ጥናቱ ከሚለው አልፎ ምክር ይሰጣል። መግለጫው ሲጋነን ዜናውም አብሮ ይጋነናል። እኛም የተማርነው ሰዎች እጃችን አለበት።

በማግስቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ጆን ቦሀነን የሚባል የሳይንስ ጋዜጠኛ ከጀርመን ፊልም ሠሪዎች ጋር ሆኖ፣ ሆን ብሎ ደካማ ጥናት ሠራ። 15 ሰው፣ 3 ሳምንት፣ 18 ዓይነት ልኬት። ያን ያህል ነገር ሲለካ አንዱ በአጋጣሚ ይገጥማል። ቸኮሌት ቶሎ ያከሳል ተብሎ ታተመ። ቢልድ የተባለው ትልቁ የጀርመን ጋዜጣ ፊት ገጹ ላይ አወጣው፤ አገር ላገር ዞረ። የተጠኑትን ሰዎች ቁጥር የዘገበ አንድም እንዳልነበረ ቦሀነን ራሱ ጽፏል።

ከኮፐንሃገን በዚያው ዓመት የመጣውን የሩጫ ዜናም ታስታውሳላችሁ። አጥብቆ የሚሮጥና ጨርሶ የማይሮጥ እኩል ይሞታሉ የተባለው ነው። አጥብቀው የሚሮጡት 50 አይሞሉም፤ ከነሱ የሞቱት 2 ሰዎች ናቸው። በሁለት ሰው ሞት የሯጭ አገር ሕዝብ ጫማውን ይስቀል?

ጊዜ የለንም አትበሉኝ። የስፖርት ባልደረባችሁ ጨዋታውን ሳያይ ውጤት አያነብም። ጎሉን ማን እንዳገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ እንዳገባ ያረጋግጣል። ለኳስ የምንሰጠውን ጥንቃቄ ለእናቶቻችን ልብ እንነፍጋለን? ስንት ሰው ተጠና? ለምን ያህል ጊዜ? ታትሟል ወይስ ገና ነው? ይህንን ሳታውቁ ማይክ አትክፈቱ!

ያንን ዜና ያስተላለፈው ጣቢያ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተወካይ አለው። ስሙን አልጠራም። እርማት ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ጾመ ፍልሰታ ሊገባ ነው፤ ያ ቅጂ አሁንም ከስልክ ስልክ ይዞራል። ከዚያ በፊት እርማቱን በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አንባቢ ድምፅ አስተላልፉት። ልክ እንደ ዜናው 2 ደቂቃ ስጡት። ጽሑፉን አብሬያችሁ አዘጋጃለሁ። ስብሰባው ሲያልቅ እዚሁ መድረኩ ሥር እጠብቃችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።