«ይቺ መኪና ድሮ እዚህ ጋ ትዞር ነበር»

እሺ፣ ሰላም ናችሁ? ከኋላ የምትሰሙት ዝናብ ነው። ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። ያቆማል ብዬ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። ጅማ ናት፤ አላቆመም። እንግዲህ ከነድምፁ እንቀጥል።

«ጎማው ገባ ወይ?» እያላችሁ ስትጽፉልኝ ነበር። ገብቷል። መኪናዬ ቡኒት አዲሱን ጫማዋን ካደረገች ሦስት ሳምንት ሆናት። ዝም ያልኩት ስላልወደድኩት አይደለም። ወድጄዋለሁ። ጠዋት በሩን ስከፍት ቀና ብላ ቆማ ሳያት አሁንም ደስ ይለኛል። ግን እሁድ ዕለት አንድ ነገር ሆነ። እሱን ሳልናገር ስለ ጎማ ማውራት አቃተኝ።

ከሰቃ ጨቆርሳ ወዲያ ያለውን ጥርጊያ ታውቁታላችሁ። ከእርሻው ስንመለስ ወደ ትንሿ ድልድይ የሚወርደው ቁልቁለት። ሌሊቱን ዘንቦ አፈሩ ቀይ ሊጥ ሆኗል። ከኋላ ሁለት ኩንታል በቆሎ ጭነናል። አባባ ጎኔ ተቀምጠዋል። በቀስታ እየወረድኩ ነው። ኩርባው ላይ አንድ ልጅ አህያ እየነዳ ብቅ አለ። አህያዋ ጄሪካን ተጭናለች። ፍሬን ያዝኩ። መሪውን ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኩ። እዚያ ኩርባ ላይ ሁሌም እንደማደርገው።

ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ግርርር አለ። ላስቲክ ብረት ሲቦጭር የሚሰማው ድምፅ። እጄ ደነገጠና መሪውን ትንሽ ለቀቀው። ትንሽ ናት፤ ሩብ ዙር እንኳን አትሞላም። ግን መዞሪያዬ ያቺ ነበረች። መኪናዋ ኩርባውን ትታ ወደ ፊት ሄደች። አፋፉ አጠገብ ቆመች። አህያዋም ቆመች። ልጁ አየን፣ አህያዋን ቸብ አደረጋትና በጎን አልፎ ሄደ።

ማንም አልተነካም። ይህን ቀድሜ ልንገራችሁ፤ ደህና ነን።

አባባ መዳፋቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አድርገው ነበር። አላነሱትም። ፊት ለፊት እያዩ፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ «ይቺ መኪና ድሮ እዚህ ጋ ትዞር ነበር» አሉኝ።

በቃ። ሌላ ነገር አላሉም። እኔም ምንም አልመለስኩ። ወደ ኋላ ትንሽ ሄጄ እንደገና ዞርኩና ወረድን። ጅማ እስክንገባ ስለ ቡና ችግኝ አወሩ።

ምን እንደሆነ አሁን አውቀዋለሁ። ልንገራችሁ፤ ጎማ ልትቀይሩ ያሰባችሁ ብዙ ናችሁና ይጠቅማችኋል። የድሮው ጎማ 265 በ65፣ ቸርኬው (ጎማው የሚለብሰው ክብ ብረት) 17 ነበር። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ፤ 17ቱ የቸርኬው ቁመት በኢንች። አሁን ያስገባሁት 285 በ70 ነው፤ ቸርኬው ያው 17። ቁመቱን አስሉት፤ የድሮው 776 ሚሊሜትር፣ የአሁኑ 831 ገደማ ይመጣል። 55 ሚሊሜትር ጨመረ ማለት ነው። ግን መኪናዋ ከመሬት የምትነሣው በግማሹ ነው፤ 27 ሚሊሜትር። ሁለት ጣት አይሞላም። ሰው የጎማውን ጠቅላላ ቁመት እያየ ያን ያህል ከፍ የሚል ይመስለዋል። አይልም። ጎማው ከሚዞርበት ዘንግ፣ ከአክሱሉ በታች ያለው ግማሽ ብቻ ነው የሚያነሣት።

ይሄ ቀላሉ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ኦፍሴቱ ነው። ቸርኬውን በጀርባው ገልብጡት፤ ኢቲ የሚል ጽሑፍና አጠገቡ ቁጥር አለ። ቡሎን የሚታሰርበት ፊት ከቸርኬው ስፋት መሃል ስንት ሚሊሜትር እንደራቀ ነው የሚነግራችሁ። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል። ሲያንስ ወደ ውጭ ይወጣል። ከዜሮ በታች ሲሆን ደግሞ ከፓራፋንጎው፣ ከጎማው መሸፈኛ፣ አልፎ ሊታይ ይችላል። የእኔ የድሮው 30 ነበር። አዲሱን ዜሮ ገዛሁ።

ለምን ዜሮ? የሰፋው ጎማ በውስጥ በኩል ከሞላው አካባቢ እንዳይነካ ፈርቼ ነው። 30ውን ብተወው ጎማው በውስጥ 10 ሚሊሜትር ይጠጋል። ዜሮ ሳደርገው 20 ራቀ። ሒሳቡ ልክ ነው። ግን በውጭ በኩል 40 ሚሊሜትር ወጣ። 30ው ከኦፍሴቱ፣ 10ሩ ከስፋቱ። ያኔ ስለ መልኳም አስቤያለሁ። ሰፋ ብላ ስትቆም ታምራለች። ይህንንም ልደብቃችሁ አልፈልግም።

ያላሰብኩት መዞሯን ነው። በር አስቡ። ማጠፊያው አጠገብ ያለው እንጨት በሩ ሲከፈት ብዙም አይሄድም። እጀታው ጋ ያለው ግን ረጅም መንገድ ይሄዳል። ጎማም መሪ ሲዞር የሚታጠፍበት ቦታ አለው። ከዚያ ቦታ ባወጣችሁት ቁጥር ሲዞር የሚጠርገው ቦታ ይረዝማል። ወደ ቀኝ ስጠመዝዝ የቀኙ ጎማ መዞር ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ሄደ። ከኋላው ደግሞ ከበሩ በፊት ያለው የብረት ጥግ አለ። ውስጡን አዳንኩና ኋላውን አስነካሁት።

ጎሚስታው ጋ ፈትሸነው ነበር እኮ! ግራ ቀኝ አዙሮት ምንም አልነካም። ግን ሜዳ ላይ ነው። መኪናዋ ባዶ ናት፤ ቆማለች። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋ ይወርዳል፣ ሞላው ይጨመቃል፣ ጎማው ወደ ላይ ይገባል። ፈተና የሚባለው ያኔ ነው። አንዱን የፊት ጎማ ድንጋይ ላይ አውጥታችሁ፣ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙራችሁ እዩት። ያን ሳታደርጉ ገንዘብ አትክፈሉ። እባካችሁ።

ደግሞ የኪሎሜትሩ ነገር አለ። አባባ ደብተር እንዳላቸው ታውቃላችሁ፤ ያ ሰማያዊው። ዘይት የተቀየረበት፣ ነዳጅ የተሞላበት ሁሉ እዚያ ይጻፋል። ባለፈው አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ የመሄጃውን ኪሎሜትር ጠየቁኝ። 327 አልኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። የድሮውን ገጽ ገለጡ። ሁሌም 350 አካባቢ ነው። «አዲስ አበባ ቀረበች እንዴ?» አሉኝ።

አልቀረበችም። ጎማው ትልቅ ሲሆን በአንድ ዙር ብዙ ይሄዳል። ቆጣሪው ግን የድሮውን ጎማ ነው የሚያውቀው። 100 ሲል እውነቱ 107 ነው። ግቤ ቁልቁለት ላይ ይህን አስቡት። ጎማው ስለሚከብድም ፍሬኑ እንደ ድሮው ቶሎ አይዝም። አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝና ከቁጥሩ ጎን አንድ ነገር ጻፉ። ምን እንደጻፉ አላየሁም።

እና... ያ ዓረፍተ ነገር። ሳምንቱን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ነው። ስለ መኪናዋ ብቻ ከሆነ ልክ ናቸው። ትዞር ነበር። እሳቸው ያንን ኩርባ ስንት ዓመት በቀጭን ጎማ ወርደውበታል። ደግሞ የጅማ ጭቃ ላይ ቀጭን ጎማ ሞኝነት አይደለም። ላዩ ያዳልጣል እንጂ ሥሩ ብዙ ቦታ ጠንካራ ነው። ቀጭኑ ላዩን ቆርጦ ጠንካራውን ይይዛል። ሰፊው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። አሸዋ ቢሆን ሰፊው ይሻል ነበር። እዚህ ግን... በርግጥ የእኔ ጎማ ጥርሱ ጥልቅ ነው፤ ጭቃውን ይተፋዋል። አጋሮ መንገድ ዳር ተቀብረን የነበረ ጊዜ ይህ ጎማ ቢኖረን እንወጣ ነበር እላለሁ። እንጃ። ይመስለኛል።

ግን ስለ መኪናዋ ብቻ ባይሆንስ? ቁልፉን የሰጡኝ ቀን «እንደፈለግሽ አድርጊያት» ብለውኛል። የምር ነበር ያሉት። ጎማውን ላስቀይር ስሄድም «ይሁን» ነው ያሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንዳንዴ ደግሞ ለራሴ፣ እሳቸው ያዩትን ተናገሩ፣ አንቺ ነሽ የምታወሳስቢው እላለሁ። ሌሊት ግን ይመለሳል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው መዳፋቸው ትታየኛለች። የደገፈችው ራሳቸውን ነው? ወይስ መኪናዋን?

ጎሚስታው መፍትሔ አለው። «እህቴ፣ ጥጉን ትንሽ ቆርጠን በመዶሻ እናስተኛዋለን፤ ቀለም እንቀባዋለን፤ አይታወቅም» አለኝ። ብዙ ሰው ያደርገዋል። እኔ ግን የእሳቸውን መኪና ማስቆረጥ አልቻልኩም። እሺ ልል አፌን ከፈትኩና ነገ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። አልሄድኩም። ሌላው መንገድ ኦፍሴቱ 20 ወይም 25 የሆነ ቸርኬ መፈለግ ነው። ወይም ጎማውን ወደ 265 በ70 መመለስ። ቁመቱ 803 ነው፤ ከድሮው በ27 ሚሊሜትር ብቻ ይበልጣል፤ ስፋቱ ያው። መጀመሪያውኑ እሱን ማድረግ ነበረብኝ መሰለኝ። ግን እነዚህን ለማን ልሸጣቸው? ደግሞ... እወዳቸዋለሁ።

ዝናቡ ቀነሰ። ይሰማችኋል?

አንድ ነገር ልጨምርና ላቁም። የድሮዎቹን አራት ቸርኬዎች ደረጃው ሥር ነበር ያስቀመጥኳቸው። ትናንት ጠዋት ቡና ላፈላ ስወጣ እዚያ የሉም። አባባ አውጥተው አጥበዋቸዋል። ጭቃውን ከየቀዳዳው በጨርቅ ጠርገውታል። በረንዳው ላይ ግድግዳውን አስደግፈው በተርታ አቁመዋቸዋል። «ለምን?» ልላቸው ፈለግኩ። ቡናውን ሰጠኋቸው። ጠጡ። ሁለተኛውንም ጠጡ። ስለ ዝናቡ አወራን። ቸርኬዎቹ አሁንም እዚያው ናቸው፤ ከዚህ መስኮት ይታዩኛል...